ክዳኑን አንሡት



የዛሬውን የማኅበራችንን ስብሰባ አጀንዳ አይቼዋለሁ። የጥበቃ ደመወዝ አንደኛ፣ የመኪና ማቆሚያ ሁለተኛ፣ የደረጃ መብራት ሦስተኛ፤ እኔ ደግሞ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ገብቻለሁ። ቅር አላለኝም። ሽንት ቤት በየስብሰባው የሚመደብለት ቦታ እሱ ነው። ነገር ግን እስካሁን ከተነጋገርንባቸው ሦስት ጉዳዮች ይልቅ በየቤታችን ሌት ተቀን ውሃና ገንዘብ የሚበላው ይኸኛው ነውና፣ ወንበር ሳታነሡ ጥቂት ታገሡኝ።

ሐሳቤ አጭር ነው። ሽንት ቤት ተበላሸ ስንል አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ንጹሕ ውሃ የሚጠራቀምበት ክፍል ነው። እኛ ግን ቆሻሻ የምንነካ ይመስል እጃችንን እንሰበስባለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ እምቢ ሲለን ገልብጠን ሽቦውን እንቀጥላለን፤ ከ220 ቮልት ጋር እንታገላለን። ከመቀመጫው ኋላ ያለውን የውሃ ሳጥን ክዳን ግን ቤቱን ከተረከብን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አንሥተን ያላየን ብዙ ነን። እዚያ ያለው ውሃ በወጥ ቤት ቧንቧ ከሚወርደው ጋር አንድ ነው፤ ገና ምንም አልነካም። የምንጸየፈው ነገር የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው።

ስለዚህ ክዳኑን አንሡት። ከላይ የሚጫን ቁልፍ ያለው ከሆነ በብዙዎቹ ላይ መጀመሪያ ቁልፉን ወደ ግራ አዙሮ ማውጣት ያስፈልጋል። ክዳኑን በሁለት እጅ ያዙትና ጨርቅ አንጥፋችሁ ወለል ላይ አስቀምጡት። ከተሰበረ ክዳኑን ብቻ ነጥሎ የሚሸጥላችሁ ሰው በቀላሉ አታገኙም።

ውስጡ የምታዩት ሁለት ነገር ነው። በጎን በኩል ውሃ የሚያስገባው፣ መሐል ላይ ውሃ የሚለቀው። አስገቢና አስወጪ እንበላቸው። አስገቢው ላይ ተንሳፋፊ አለ፤ በድሮዎቹ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካ ኳስ ነው፣ በአዲሶቹ ደግሞ በአስገቢው ቧንቧ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚል ፕላስቲክ። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ይነሣል፣ ሲነሣ መግቢያውን ይዘጋል። ሌላ ምሥጢር የለውም። አስወጪው ደግሞ ሥሩ ላይ የጎማ ቀለበት፣ ማለትም ጎሚኒ፣ አለው፤ ውሃው ሳጥኑ ውስጥ የሚቆየው በዚያ ቀለበት ብቻ ነው። ከአስወጪው አጠገብ ወይም ከራሱ መሐል ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አፉ ክፍት የሆነ ቱቦ አለ። አስገቢው አልዘጋ ካለ ውሃው ወለሉን እንዳያጥለቀልቅ በዚያ በኩል ወደ መቀመጫው ይወርዳል። መልካም መላ ነው፤ ግን ብልሽትን ይደብቃል። ወለሉ ቢረጥብ ኖሮ ያንኑ ቀን እንጮህ ነበር።

ይህ ተንሳፋፊ የትናንት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ግሪካዊው ክቴሲቢዮስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት፣ የውሃ ሰዓቱ እንዳያዛንፍ የሚገባውን ውሃ በተንሳፋፊ ይቆጣጠር ነበር። ከመቀመጫው ሥር ያለውን፣ ውሃ ይዞ ሽታ የሚከለክለውን ጠማማ ቧንቧ በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1775 ለንደን ውስጥ የፈጠራ መብት ያወጣው አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። እሱም ሙያው ሰዓት ሥራ ነበር። ሽንት ቤታችን የሰዓት ሠሪዎች ዘመድ ነውና በካቻቪቴና በትዕግሥት ይጠገናል፤ በመዶሻ አይሆንም።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። ይኸኛው ሳያሳስቅም ይወስዳል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በደቂቃ አንድ የቡና ስኒ፣ 70 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የሚያፈስ ሽንት ቤት አስቡ። በመቀመጫው ግድግዳ ላይ የምትወርድ ቀጭን መስመር ናት፤ ልብ ያላለ አያያትም። አንድ ቀን 1,440 ደቂቃ ነው። አባዙት፣ 100 ሊትር ያህል ይመጣል። በየቀኑ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በ10 ቀን ገደማ ባዶ ይሆናል፤ ያውም ማንም እጁን እንኳ ሳይታጠብበት። ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው አምስት ጀሪካን ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በብዙ ቤት ደግሞ ያ ሰው ባል አይደለም። ለዚህ ይመስለኛል ፍሳሹን ቀድመው የሚሰሙት እናቶች የሆኑት። «ሰው እጠራለሁ» እያለ ወር የሚያሳልፈው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ፍሳሽ መኖሩን የምታውቁበት መንገድ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ እዩ። ውሃው እስከ ክፍቱ ቱቦ አፍ ደርሶ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጥፋቱ የአስገቢው ነው። ከቱቦው አፍ ዝቅ ብሎ ከቆመ ደግሞ የምግብ ቀለም ጥቂት ጠብታ፣ ከሌለ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ አንድ ብርጭቆ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ማንም አይግባ። ስትመለሱ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ አስወጪው ያፈሳል። ሌሊት ማንም ሳይነካው ለአፍታ ውሃ ቀድቶ ዝም የሚል ሽንት ቤት ያላችሁም ይኸው ነው ችግራችሁ። ሳጥኑ ቀስ በቀስ እየጎደለ፣ አስገቢው እየተከፈተ እየሞላው ነው። ሰይጣን አይደለም።

አሁን የከተማችንን ነገር ላንሣ፤ ምክንያቱም ስለ ሽንት ቤት ጥገና የሚጻፈውና በቪዲዮ የሚታየው አብዛኛው ውሃ 24 ሰዓት በሚመጣበት አገር የተዘጋጀ ነው። አዲስ አበባ ውሃዋን ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች አካባቢዎች ጉድጓዶች ታመጣለች፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይዳረስ በፈረቃ እንጠጣለን። ፈረቃ ለውሃ ሳጥኑ መዘዝ አለው። ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሰንብቶ ውሃው በድንገት ሲመለስ፣ በመስመሩ ውስጥ የተኛውን ዝገትና አሸዋ ቀስቅሶ ይዞት ይመጣል። ያ ድፍርስ ውሃ ቤታችሁ ሲገባ ከሁሉ የጠበበ ቀዳዳ የሚያገኘው አስገቢው ላይ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በጎማውና ጎማው በሚያርፍበት አፍ መካከል ከገባች ከዚያ በኋላ መዝጋት የለም። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ በሰነበተ ቁጥር ደግሞ የአስወጪው ጎሚኒ ይደርቃል፣ ቆሻሻ ይጋገርበታል። በዚያ ላይ ውሃው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ እኛ ተኝተን እሱ ሲፈስ ያድራል።

ስለዚህ የእኔ ደንብ ይህ ነው። ውሃ ሲጠፋ የሽንት ቤቱን መዝጊያ ዝጉ። ሲመለስ መጀመሪያ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ክፈቱ፤ ድፍርሱ በባልዲ ይጠራቀም፣ ለወለል ይሆናል። ውሃው ሲጠራ ያን ጊዜ የሽንት ቤቱን ክፈቱ። ይህችን ብቻ ያደረገ ሰው አስገቢው ቶሎ አይበላሽበትም።

መዝጊያው የቱ ነው ለምትሉ፣ ከግድግዳው ወጥታ በፍሌክሲብል ከሳጥኑ ጋር የተገናኘችው ትንሿ ናት። ወደ ቀኝ ስትዞር ትዘጋለች። ለዓመታት ካልተነካች ትደርቃለች፤ እንዲህ ከሆነች በመፍቻ አታስጨንቋት። ከተሰበረች ሽንት ቤቱን ትታችሁ ጎርፍ ልትገድቡ ነው። ዋናውን የቤታችሁን መዝጊያ ዝጉና በእርጋታ ወዲህ ወዲያ እያላችሁ አላቅቋት። በየጥቂት ወሩ አንድ ጊዜ ዘግቶ መክፈት ከዚህ ያድናል።

አስገቢውን ለመጠገን፣ ውሃው እየሞላ ሳለ ተንሳፋፊውን በእጃችሁ ወደ ላይ አንሡት። ውሃው ከቆመ አስገቢው ጤነኛ ነው፤ የተዛባው ልኩ ብቻ ነው። በጎኑ ባለችው ብሎን ወይም ማንሸራተቻ ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርጉት፣ ውሃው ከክፍቱ ቱቦ አፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ እንዲቆም። እጃችሁ አንሥቶትም ውሃው ካልቆመ ውስጡ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ጎማው አልቋል። መዝጊያውን ዝጉ፣ የአስገቢውን ራስ ፍቱ፣ ውስጡ ያለችውን ጎማ አውጥታችሁ እጠቡ። ከዚያ በተከፈተው አፍ ላይ አንድ ኩባያ ደፍታችሁ በእጃችሁ ያዙና መዝጊያውን ለጥቂት ሰከንድ ክፈቱት። ውሃው ሽቅብ ተፈናጥሮ አሸዋውን ጠርጎ ያወጣዋል፤ ኩባያው ጣራ እንዳታጥቡ ነው። ፍሌክሲብሉ ከሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት በኩል ወንፊት ካለ እሱንም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱት። ነጭ ኖራ የጋገረበትን ፕላስቲክ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ይለቃል።

የአስወጪው ከዚህም ይቀላል። መዝጊያውን ዘግታችሁ ውሃውን ልቀቁ። በቁልፍ የሚሠራውን አስወጪ ወደ ግራ በትንሹ ስታዞሩት ከመቆሚያው ይላቀቃል። ገልብጡት፤ ጎሚኒው ከሥሩ ነው። በጣታችሁ ዳስሱት። ሙልጭልጭ ብሎ ቆሻሻ ብቻ ከያዘ እጠቡት፤ ጎሚኒው የሚያርፍበትን የሳጥኑን ወለልም በጨርቅ ጥረጉት፣ ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ከደረቀ፣ ከተጣመመ ወይም ከተቦደሰ ለውጡት። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ፤ «መካከለኛው» ብሎ መግዛት የለም፣ ልካቸው ይለያያል። ሻጩ ሙሉ ዕቃውን ግዙ ሊላችሁ ይችላል። ፕላስቲኩ ራሱ ከተሰነጠቀ እውነቱን ነው፤ ጎሚኒው ብቻ ካለቀ ግን ጎሚኒ ግዙ። በማስቲሽ የሚለጥፍ ሰውም አይቻለሁ፤ አይያዝም። ሳጥኑ ውስጥ የሚጨመሩት የክሎሪን እንክብሎችም ጎማውን ይበሉታል። ንጽሕና ከፈለጋችሁ መቀመጫውን እጠቡ፣ ሳጥኑን ተዉት።

ስለ ተፍሎን አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ተፍሎን የሚጠቀለለው ብረት ከብረት ጋር በጥርሱ በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ያውም ዳዶው በሚጠብቅበት አቅጣጫ። የፍሌክሲብል ጫፍ ግን ውስጡ የራሱ ጎማ አለው፤ የሚያሽገው እሱ ነው። እዚያ ላይ ተፍሎን መከመር ዳዶው ቀጥ ብሎ እንዳይገባ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም። በእጅ አጥብቃችሁ በመፍቻ ትንሽ ብቻ ጨምሩለት። ኃይለኛ ሰው የፕላስቲኩን ዳዶ ይሰነጥቀዋል፣ ከባሰም ሸክላውን።

በቁልፍ ከሚሠሩት ውስጥ ባለ ሁለት ቁልፎቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ካሮማ በተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ተጀምረው ነው ዓለምን የዞሩት፤ ትንሹ ለሽንት፣ ትልቁ ለሌላው። ውሃ ይቆጥባሉ፣ ጎሚኒያቸው እስከያዘ ድረስ። እንግሊዞች በጎሚኒ የሚዘጋውን ይህን ዓይነቱን አስወጪ እስከ እ.ኤ.አ. 2001 ድረስ አልፈቀዱም ነበር፤ ምክንያታቸው ያፈሳል የሚል ነበር። የእነሱ የድሮው ስልት ውሃውን ሽቅብ ስቦ የሚያሻግር ስለሆነ በጎማ ማለቅ ምክንያት አያፈስም። እኔ እንግሊዞቹ አልተሳሳቱም ባይ ነኝ፤ ግን ገበያው ላይ ያለው ይኸኛው ነው፣ ይኸኛውን እንጠብቅ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ አለ፤ ከ1994 ወዲህ ለመኖሪያ ቤት የሚሠራ አዲስ ሽንት ቤት በአንድ ጊዜ ከ6 ሊትር ብዙም እንዳይበልጥ ያዛል። የድሮዎቹ 13 ሊትርና ከዚያ በላይ ይለቁ ነበር። የእናንተ ሳጥን የድሮ ትልቅ ከሆነ ውሃ የሞላችሁትን ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ከተንሳፋፊው አርቃችሁ አቁሙበት። ጡብ አትጨምሩ፤ እየተፈረፈረ ጎሚኒውን ያበላሻል።

ውሃ በሌለ ቀን በጆግ እያንጠባጠባችሁ ለማውረድ አትድከሙ። መቀመጫው የሚጸዳው ውሃው በአንድ ጊዜ ሞልቶ ጠማማውን ቧንቧ ሲስብ ነው። በጆግ ዐሥር ሊትር የማይሠራውን አምስት ስድስት ሊትር በባልዲ ባንድ ትንፋሽ ሲደፋ ይሠራዋል።

መዘጋትን በተመለከተ፣ እጀታ ያለውን የመግፊያ ጎማ ግዙ። ጎማው ውሃ ውስጥ ጠልቆ አፉን በሙሉ መክደን አለበት፤ አየር ከገፋችሁ የምትረጩት ራሳችሁን ነው። ቀስ ብሎ መግፋት፣ በኃይል መሳብ። የሚነቅለው መሳቡ ነው። ያልሆነ እንደሆነ ሰው ጥሩ፤ አሲድ አትድፉ። በተለይ በረኪና ከደፋችሁ በኋላ አሲድ፣ ወይም አሲድ ከደፋችሁ በኋላ በረኪና፣ ፈጽሞ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል፣ ይገድላል። አቼቶም ከበረኪና ጋር እንዲሁ ነው። የምታጸዳላችሁ ሰው ካለች ይህን ዛሬውኑ ንገሯት፤ ቆሻሻው እንዲለቅላት ብላ የምትደባልቅ ብዙ አለች።

ሽንት ቤቱ ሳይበላሽ የሚሸትባችሁ ደግሞ ወለሉን እዩ። የወለሉ ፍሳሽ መውረጃ ሥር ሽታ የሚዘጋ ውሃ አለ፤ ለሳምንታት ውሃ ካልወረደበት ይተናል። አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

እስካሁን ያልኩት የየግላችን ነው። ከወለል በታች ያለው ግን የጋራ ነው። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ያለነው ሁሉ በአንድ ቋሚ ቧንቧ ነው የምንለቀው፤ ላይ ያለው ሰው የጣለው ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ እርጥብ ሶፍትና የወጥ ቅባት ታች ሲዘጋ የሚገነፍለው የምድር ቤቱ ነዋሪ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ጣይው አያየውም። መቀመጫችሁ ሥሩ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ከረጠበም ነጭ ሲሚንቶ እየለጠፋችሁ አትሸፍኑት፤ ውሃው ከታች ባለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይወጣል። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ባለሙያ ይጠራ፣ የሚገባውም ይከፈለው።

ጉድጓድን በሚመለከት ልመናዬን ስሙኝ። ማንሆል ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ማንም እንዳይገባ፣ ዕቃ ወደቀብኝ ብሎም ቢሆን። እዚያ ውስጥ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበረታ ግን ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል፣ ስለዚህ «አሁን አይሸትም» ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። ገብቶ የወደቀውን ሊያወጣ የሚከተለው ሰውም አብሮ ይቀራል። ወጣቶቻችን በጥቂት ብር ተቀጥረው እንዲገቡ የምናደርግ ከሆነ ኃጢአቱ የኛ ነው። ፍሳሽ መጣጭ መኪና ይጠራ።

ከመበተናችን በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የብሎካችሁ ዋና የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ፣ የመዝጊያው ሳጥን ቁልፍስ ማን ጋ እንዳለ የምታውቁ እጃችሁን አንሡ። … አራት ሰው። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከጥበቃው ቤት አጠገብ እቆማለሁ፤ የቀራችሁት ኑና አሳያችኋለሁ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።